ማሩ ይኑር፤ ጉሮሮው ግን ይታይ

የትምህርት ዘመኑ ሲጠናቀቅ ከወላጆች የደረሱንን የፈቃድ ደብዳቤዎች ስናደራጅ አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ልጆች በሕመም ከቀሩባቸው ቀናት የብዙዎቹ ምክንያት ጉሮሮ፣ ትኩሳትና ሳል ነው። ከደብዳቤዎቹ መካከል በርካቶቹ «በማርና በነጭ ሽንኩርት እያስታመምነው ነው»፣ «ጣዝማ ከአገር ቤት ስለመጣልን እስኪሻላት ትቆይ» የሚሉ ናቸው። ሐኪም ዘንድ ወስደነዋል የሚሉት ጥቂት ናቸው። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሡን እነዚሁ ደብዳቤዎች ናቸው።

ወላጆችን ለመውቀስ አልተነሣንም። እኛም ራሳችን በማር ያደግን ሰዎች ነን። ጉንፋን ሲይዘን ማር በትኩስ ውኃ፣ ሳል ሲጸናብን ማር በዝንጅብል፣ እግራችን ሲላጥ ማር በቅቤ እየተባልን ነው እዚህ የደረስነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከፍተኛ የማር አምራች ናት፤ የትግራይና የላሊበላ ነጭ ማር፣ የካፋና የሸካ ጫካ ማር፣ መራራው የግራዋ ማር እያልን በቀለምና በጣዕም የምንለይ ሕዝብ ነን። ስለዚህ ማርን የምናየው ከሩቅ እንደ ባዕድ ነገር አይደለም። የምናነሣው ጥያቄ ማር ለየትኛው ሕመም ይበቃል፣ ለየትኛው ደግሞ አይበቃም የሚል ነው። ይህን ሳንለይ ሁሉንም በአንድ ማንኪያ ለማከም ስንሞክር የሚጎዳው ልጁ ነው።

በመጀመሪያ ማር የሚገባውን ክብር እንስጠው። ማርን ለቁስል መጠቀም የኛ ብቻ ልማድ አይደለም። ከዛሬ 3600 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ የተጻፈውና ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጥቅልል ቁስልን በማርና በስብ ማሰርን ያዛል። በኛም አገር ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣው፣ መናደፊያ የሌላት ትንሿ ንብ የምትሠራው የጣዝማ ማር ከመብልነቱ ይልቅ በመድኃኒትነቱ ይታወቃል፤ ዋጋውም ከተራው ማር እጅግ የላቀ የሆነው ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት የጣዝማ ማርና ነጭ ሽንኩርት በቤተ ሙከራ ውስጥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን እድገት እንደሚገቱ አሳይቷል። እንግዲህ አያቶቻችን ማርና ነጭ ሽንኩርት ሲቀላቅሉ በከንቱ አልነበረም። ይሁን እንጂ «በቤተ ሙከራ ውስጥ» የምትለዋን ሐረግ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ማር ጀርምን የሚያሸንፈው እንዴት ነው? ለዚህ መልስ የኬሚስትሪ መምህራችን ዘንድ ከመሄድ በፊት ጠጅ የምትጥል እናት ዘንድ መሄድ ይቀላል። ንጹሕ ማር በእንስራ ተከድኖ ዓመታት ቢቀመጥ ይጠጥራል እንጂ አይሻግትም። ውኃ ሲገባበት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ ብርዝ ይሆናል፣ ጌሾ ሲገባበት ደግሞ ጠጅ ይሆናል። ምሥጢሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ማር 80 በመቶ ገደማው ስኳር ሲሆን ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ይህ ሁሉ ስኳር ያገኘውን ውኃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ማር ውስጥ የወደቀ ጀርም ውኃው ከሰውነቱ ተመጥጦ ይደርቃል እንጂ አይራባም። ከዚህም ሌላ ማር ጣፋጭነቱ ይሸፍነው እንጂ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤቹ በአማካይ 4 አካባቢ ስለሆነ ብዙ ባክቴሪያዎች አይመቻቸውም። በሦስተኛ ደረጃ ንቦች ከአበባ የሰበሰቡትን ፈሳሽ ወደ ማር ሲለውጡ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይጨምሩበታል። ማሩ በቁስል ፈሳሽ በትንሹ ሲቀጥን ይህ ኢንዛይም ሥራውን ይጀምርና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀስ በቀስ ያመነጫል። ይህ ፋርማሲዎች ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጡት ያው ኬሚካል ነው፤ ልዩነቱ ከማሩ የሚወጣው ሥጋን በማያቃጥል መጠን መሆኑ ነው።

አሁን ጠጇን እንደገና እናስባት። ማር ኃይሉን የሚያሳየው ሳይበረዝ ወይም በጥቂቱ ብቻ ቀጥኖ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ነው። በማንኪያ ስንውጠው ግን ጉሮሮ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በምራቅ ተበርዞ ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ሆድ ውስጥ እንደማንኛውም ጣፋጭ ተፈጭቶ ስኳር ይሆናል። በደም አልፎ ሳንባ ወይም ኩላሊት ውስጥ ያለ ጀርም ዘንድ ማር ሆኖ የሚደርስበት መንገድ የለም። ቶንሲል ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ ባክቴሪያም እንደዚሁ ነው። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ማሩና ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ ፊት ለፊት ይውላሉ ያድራሉ፤ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ግን እንደዚያ አይገናኙም። ቀደም ሲል ያስያዝናችሁ ሐረግ ቁም ነገሯ ይህ ነው።

በዘመናዊ ሕክምና ማር ስፍራ አግኝቷል ስንል ታዲያ ምን ማለታችን ነው? በኒው ዚላንድ በዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ባዮኬሚስቱ ፒተር ሞላን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማኑካ ከሚባል ቁጥቋጦ አበባ የሚገኘውን ማር ሲያጠኑ ኖረዋል። ይህ ማር ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ቢወገድለት እንኳ ባክቴሪያ ይገታ ነበር። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀርመን የድሬስደን ተመራማሪዎች ሜቲልግላዮክሳል የሚባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ሲያገኙበት ታወቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2007፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማር የተዘጋጀ የቁስል ማሰሪያ በገበያ ላይ እንዲውል ፈቅዶ ነበር። በ2015 የወጣውና በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ማር መለስተኛ ጥልቀት ያለውን የቃጠሎ ቁስል ከተለመዱት ማሰሪያዎች በተወሰኑ ቀናት ቀድሞ እንደሚያድን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልንም እንደሚረዳ ገልጿል። ለሌሎቹ የቁስል ዓይነቶች ግን ማስረጃው አጥጋቢ አይደለም ብሏል። ሳልን በተመለከተም በ2018 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪዎች ለተራ ሳል ወደ አንቲባዮቲክ ከመሮጥ በፊት ማር እንዲሞከር መክረዋል፤ በ2020 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ግምገማም የጉንፋንን ሳል በማስታገስ ረገድ ማር ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ሆኖ እንዳገኙት ይገልጻል። ልጅዎ ንፍጥና ሳል ይዞት፣ ትኩሳቱ ቀላል ሆኖ፣ እየበላና እየተጫወተ ከሆነ ማር በሞቀ ውኃ ስጡት። እናታችን ትክክል ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚዘነጋ ልዩነት አለ። ሆስፒታል ቁስል ላይ የሚያደርገው ማር ከገበያ የምንገዛው ማር አይደለም። ማር የአፈር ልጅ ነው፤ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ በእንቅልፍ ላይ ያለ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ዘር በማፍላት እናጥፋ ብንል ኢንዛይሙን ቀድመን እንገድለዋለን፤ ስለዚህ የሕክምና ማር የሚጸዳው በጋማ ጨረር ነው። በቤታችን ይህ አይቻልም። ለትልቅ ሰውና ለትምህርት ቤት ልጅ የሚበላ ማር ውስጥ ያለ ዘር ችግር አያመጣም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን አንጀቱ ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያው አቆጥቁጦ መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑ ይልፈሰፈሳል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ መተንፈሻውም ሊዝል ይችላል። በብዙ አካባቢያችን አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ወይም ማር ማቅመስ እንደ ምርቃት የሚቆጠር የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ታናናሽ ወንድምና እህት ያሏችሁ ተማሪዎች ይህን ለእናቶቻችሁ ብትነግሩ ደስ ይለናል፦ አንድ ዓመት ሳይሞላው ማር በጣት ጫፍም ቢሆን አይቀመስም።

ዓይን ውስጥ ማር ማንጠብም አለ። አንዳንድ ቤተሰብ ለዓይን ማዝ ይህን ያደርጋል። ያልተጣራ ማር ለዓይን አይሆንም፤ ከዚህ በላይ የምንለው የለም።

የማሩ ጥራትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባት በዚህች በጅቡቲ ማር በላስቲክ ጀሪካን ሆኖ በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሲከርም ያ ጀርም ገዳይ ኢንዛይሙ ይዳከማል። ጣዕሙ አለ፤ መድኃኒትነቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። በዚያ ላይ ስኳር የተበረዘበት አለ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ይባላል፤ ሻጩ ሲናገር ማር ነው፣ የሰፈረው ግን ግማሹ ሽሮፕ ነው። ከየመን ተሻግሮ የሚመጣው የሲድር ማር፣ ማለትም እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ማር፣ ስሙ የገነነ ስለሆነ ዋጋው ለአንድ የቀን ሠራተኛ የሚቀመስ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ቤተሰብ ለአንድ ማሰሮ ንጹሕ ማር የሚያወጣው ገንዘብ ለአንድ የሕክምና ምርመራ ከሚያወጣው ሊበልጥ እንደሚችል አስተውለናል። ማር ርካሽ ስለሆነ ነው የምንጠቀመው የሚለው ክርክር ሁልጊዜ አያስኬድም።

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንለፍ፤ እርሱም ጉሮሮ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ፣ ማለትም ከመዋዕለ ሕፃናት ጫፍ እስከ 9ኛ ክፍል ያለው ተማሪያችን በሙሉ፣ ጉሮሮውን ሲታመም ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን አብረው ይመጣሉ፤ በራሱም ጊዜ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይኸኛው ድንገት ይጀምራል፤ ከፍ ያለ ትኩሳት አለው፣ ምራቅ መዋጥ ያስቸግራል፣ አንገት ሥር ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ ነጥብ ሊይዝ ይችላል፤ ሳልና ንፍጥ ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። በዓይን ብቻ ለመለየት ለሐኪምም ያስቸግራል፤ ለኛማ እንዴት ይሆናል?

አደገኛው ነገር ይህ የባክቴሪያ ቶንሲል ያለ መድኃኒትም ቢሆን በሦስትና በአምስት ቀን ውስጥ ሕመሙ የሚለቅ መሆኑ ነው። ልጁ ሰኞ ታመመ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ተሰጠው፣ ዓርብ ድኖ ኳስ ሜዳ ወጣ። ምስጋናውን ማሩ ይወስዳል። ሕመሙ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ መንገዱን ስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ መውጋት ይጀምራል። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበት ያብጣል፣ ቀጥሎ ክርን፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት። ቤተሰቡ «ቁርጥማት ነው» ይላል፤ ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኘውም የለም። የቁርጥማቱ ሕመም ያልፋል፣ የልብ በሮች፣ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው፣ ግን ጠባሳ ይዘው ይቀራሉ። በሩ በደንብ አይዘጋም፣ ወይም በደንብ አይከፈትም። ከዓመታት በኋላ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እናቷም ሰነፈች ትላታለች።

ይህ በመጽሐፍ የምናነበው የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆን ኖሮ ገጽ አናጠፋበትም ነበር። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሕክምና ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠሩ ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ልባቸው የተጎዳው ከቶንሲል ተነሥቶ በመጣ ሕመም ነው። በአደጉት አገሮች ሊጠፋ የተቃረበ በሽታ ነው። የአፍሪካ መሪዎች በ2015 የአዲስ አበባ ስምምነት ተብሎ የሚታወቀውን ሰነድ ተቀብለው በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ቃል ገቡ፤ በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በጄኔቫ ውሳኔ አሳለፈ። በትምህርት ቤታችንም፣ ስማቸውን የማንጠራ፣ ለልባቸው ሲሉ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ልጆች አሉን። መርፌው ያማል፤ በነጋታው ሲያነክሱ እናያቸዋለን። አንዳቸውም ቢሆኑ ቶንሲላቸው በታመመ ጊዜ ይህ ይመጣል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

መከላከያው ደግሞ ውድ ወይም ረቂቅ አይደለም። ፔኒሲሊን ነው። በአፍ ከሆነ ለ10 ቀን፣ በመርፌ ከሆነ አንድ ጊዜ። ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ የልቡን ጉዳት ማስቀረት ይቻላል። ብዙ ባክቴሪያዎች ብዙ መድኃኒት ተላምደዋል፤ ይህን የቶንሲል ባክቴሪያ ግን ፔኒሲሊን ዛሬም ይገድለዋል። እንግዲህ 9 ቀን አለን። ማር ሁለት ቀን ቢሰጥ አንጣላም፤ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል። የምንጣላው ማሩ ሐኪሙን ተክቶ 9ኙን ቀን ሲበላብን ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከወላጆች ጋር ስንነጋገር ሁለት ተቃውሞ እንሰማለን፤ ሁለቱም መልስ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው «መድኃኒት ጎዳን እንጂ አልጠቀመንም፤ ልጁ አሞክሲሲሊን ስንት ጊዜ ወስዶ አልዳነም» የሚለው ነው። በከፊል እውነት ነው። ለቫይረስ አንቲባዮቲክ መስጠት ለጥም ዳቦ እንደመስጠት ነው፤ አይሠራም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ስድስት ፍሬ ገዝቶ፣ ሁለት ቀን ውጦ፣ ሲሻል የቀረውን ለታናሹ ማስቀመጥ ደግሞ ደካማውን ጀርም ገድሎ ጠንካራውን ማርባት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ከሚገባው ያነሰ መጠን መውሰድ ጀርሙን እንደሚያላምደው አስጠንቅቀው ነበር። ዓለም ዛሬ ወደ ማር ዘወር ብሎ እያየ ያለው አንዱ ምክንያትም ይኸው መላመድ ነው። ስለዚህ አንቲባዮቲክን የሚጠራጠር ወላጅ ሞኝ አይደለም። ጥርጣሬው ግን ወደ ምርመራ ይውሰደው እንጂ ምርመራውን አያስቀረው። ልጁ ቫይረስ ነው ያለበት ከተባለ በማሩ ይቀጥል፤ ባክቴሪያ ነው ከተባለ 10ሩ ቀን ሳይጎድል ይውሰድ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበናል። «ክሊኒክ ብንሄድ ማን ያናግረናል? ሐኪሙ ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ማዘዣው በፈረንሳይኛ ነው፣ ተራ ስጠብቅ የቀን ሥራዬ ያልፈኛል» የሚሉን አባቶችና እናቶች አሉ። አንዲት እናት በቀን ሦስት ጊዜ የሚለውን በሦስት ቀን አንዴ ብለው ተረድተው ሽሮፑን እንደዚያ ሲሰጡ ቆይተዋል። ይህ የማር ጉዳይ አይደለም፤ በሰው አገር የመኖር ጉዳይ ነው። ማር በአማርኛ ይናገራል፤ ማዘዣ ወረቀት አይናገርም። ይህን ሳንረዳ «ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ብለን ብቻ ብንጽፍ ምክራችን ግማሽ ይሆናል። የፈረንሳይኛ መምህራኖቻችን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት በቢሮ ቆይተው ማዘዣና የመድኃኒት ካርቶን ለሚያመጣ ወላጅ ለማንበብ ፈቃደኛ ሆነዋል። ከ8ኛ ክፍል በላይ ያሉ ተማሪዎችም ለቤተሰባቸው ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ የምንማረው ፈረንሳይኛ ለፈተና ብቻ ከሆነ ምን ጠቀመን?

ስለ ቁስልም ጥቂት እንበል፤ በግቢያችን በየዕለቱ የሚላጥ ጉልበት አይጠፋምና። ላይ ላዩን ለተፋቀ ቁስል ንጹሕ ውኃና ሳሙና ይበቃል፤ ታጥቦ ንጹሕ ማር ቢቀባ የሚከለክል ነገር አናይም፣ ቢያንስ ፋሻው እንዳይጣበቅ ይረዳል። ቃጠሎ ከሆነ ማርም ሆነ የጥርስ ሳሙና ከመቅባት በፊት 20 ደቂቃ ሙሉ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ያስፈልገዋል፤ በዚህ ከተማ ቀትር ላይ ቧንቧው ራሱ የፈላ ውኃ ስለሚያወርድ በጥላ የተቀመጠ ጀሪካን መያዝ ይሻላል። ምስማር ወይም የዛገ ቆርቆሮ የወጋው እግር ግን የማር ጉዳይ አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አየር በማይደርስበት ጥልቀት ውስጥ ይራባል፤ ማሩ ላይ ላዩን ሲያብረቀርቅ እርሱ ከሥር ይሠራል። የሚያስፈልገው ክትባት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግር ቁስልም በቤት ውስጥ የሚሞከርበት አይደለም፤ ከተማሪ ይልቅ አያትን የሚመለከት ቢሆንም በአንድ ቤት ስለምንኖር ጠቀስነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የወሰንነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እርዳታ ክፍላችን ለሳል ማርና ሙቅ ውኃ ይኖራል፤ ማሩን ከአገር ቤት ሲመለሱ ያመጡልንን ወላጆች እናመሰግናለን። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ኖሮት ጉሮሮውን የሚያመው ልጅ ሲኖር ግን የዚያኑ ዕለት ወላጅ እንጠራለን፣ ለክሊኒክ የሚሆን አጭር ማስታወሻም በፈረንሳይኛ ጽፈን እንሰጣለን። ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ «ተሽሎታል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ «ታይቷል» የሚል ደብዳቤ ብናይ እንመርጣለን። በየወሩ መርፌ የሚወጉ ተማሪዎች የመርፌያቸው ቀንና ማግስቱ እንደ መቅረት አይቆጠርባቸውም፤ ፈተና ቢገጥም ሌላ ቀን ይፈተናሉ። የስፖርት መምህራንም በሩጫ መሀል ትንፋሽ የሚያጥረውን ልጅ «ጠንከር በል» ከማለት በፊት ለቢሮ እንዲያሳውቁ ተነጋግረናል።

በምዝገባ ቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ሦስት አዲስ ጥያቄዎች ታገኛላችሁ፦ ልጁ የልብ ሕመም አለበት ተብሎ ያውቃል ወይ፣ በየጊዜው የሚወስደው መርፌ አለ ወይ፣ ፔኒሲሊን ሰውነቱን አስቆጥቶት ያውቃል ወይ። መልሱን የሚያየው የቢሮው ኃላፊና የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። ቅጹን መሙላት የሚያስቸግረው ወላጅ ባዶውን ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንሞላዋለን። ምዝገባው ነሐሴ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ብትመጡ ሙቀቱ አያገኛችሁም።